ላሙን አስከትቦ ልጁን የሚደብቅ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የምንጽፈው አንዳንዶቻችሁን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ይሁን። የሴት ተማሪዎች ክትባት ሊጀመር ነው በተባለ ቁጥር በየግሩፑ የሚዞረውን የድምጽ መልእክት ሰምታችሁታል። «ልጆቻችሁን ሊያመክኑባችሁ ነው፤ በዚያ ሳምንት ትምህርት ቤት እንዳትልኳቸው፤ ይህን ሰምቶ ያላስተላለፈ ነገ አላህ ፊት ይጠየቃል» የሚል ዓይነት ነው። ተናጋሪው ማን ነው? አይታወቅም። ከማን ሰማ? አይናገርም። ሐዲስ ሲነገረን «ኢስናዱ የታለ? ሰሒሕ ነው ወይስ ደዒፍ?» ብለን የምንሟገት ወጣቶች፣ ስሙ ያልታወቀ ሰው ያወራውን ግን አንድም ጥያቄ ሳንጠይቅ ለሦስት መቶ ሰው እንልካለን። በሱረቱል ሑጁራት ወሬን አጣሩ የተባለው ለሌላ ኡማ ነው እንዴ?

በመስጂዳችን ከመግሪብ በኋላ እናቶች ይመጣሉ። «ላስከትባት ወይስ ልደብቃት?» ይሉናል። ልጅን ከሐኪም መደበቅ! ነገሩ እዚህ ከደረሰ ዝም ማለት አማና መብላት ነው።

በመጀመሪያ ግን ፍትሐዊ እንሁን። ጥርጣሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1996 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ናይጄሪያ ካኖ ከተማ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረበት ወቅት፣ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ አዲስ መድኃኒቱን በታመሙ ሕፃናት ላይ ሞከረ። በሙከራው ውስጥ ከነበሩት 11 ሕፃናት ሞቱ። ቤተሰቦቻቸው «በቅጡ ሳይነገረን ነው» ብለው ከሰሱ። ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ ባይልም በ2009 ለካኖ ግዛት 75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ2011 ደግሞ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ. ፓኪስታን ውስጥ ቢን ላደንን ለማግኘት ሲል በአቦታባድ ከተማ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ዘመቻ አስመስሎ አዘጋጀ። በክትባት ስም ስለላ! ጉዳዩ ሲጋለጥ የፓኪስታን ሰው በክትባት ሠራተኛ ላይ የነበረው እምነት ተናጋ። ከዚያ ወዲህ ፖሊዮ ሊከትቡ በየቤቱ የሚዞሩ ስንትና ስንት ሴቶች በጥይት ተገድለዋል። ዋይት ሐውስ በ2014 «ዳግመኛ በክትባት ዘመቻ ስለላ አንሠራም» ብሎ ቃል ገባ። ቃል የተገባው ድርጊቱ ተፈጽሞ ስለነበረ ነው። ስለዚህ «የምዕራቡ ዓለም ንጹሕ ነው፣ ዝም ብላችሁ እመኑ» የሚላችሁ ሰው ካለ እኛ አይደለንም።

ግን እዚህ ላይ ልብ በሉ። ካኖ ላይ የተሞከረው መድኃኒት እንጂ ክትባት አልነበረም። አቦታባድ ላይም ነውሩ ያለው በሰላዮቹ ዓላማ ላይ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ራሱ ስንት ጉበት ያዳነ ነገር ነው። የሰውየውን ክፋት በመርፌው ላይ መለጠፍ፣ ሌባ በቢላ አስፈራራኝ ብሎ ሽንኩርት በጥርስ እንደመቁረጥ ነው።

«ያመክናል» የሚለው ወሬ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ተሞክሯል። ውጤቱም ታይቷል። በ2003 በዚያው በካኖና በአጎራባች የሰሜን ናይጄሪያ ግዛቶች አንዳንድ የሃይማኖትና የፖለቲካ መሪዎች «የፖሊዮ ክትባት ሴቶችን ያመክናል፣ ኤች.አይ.ቪ. አለበት» ብለው አሳገዱት። ካኖ ውስጥ እገዳው አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነበር የተነሳው። ምን ሆነ? ቫይረሱ የማንንም ፈትዋ አልጠበቀም። በቻድ በኩል ሱዳን ገባ። ከ2001 ጀምሮ ፖሊዮ ያልታየባት የእኛዋ ኢትዮጵያም በ2004 መጨረሻ ከሱዳን በኩል ተመልሶባት ልጆቿ ሽባ ሆኑ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሳዑዲ ደረሰ። የመን ውስጥ በአንድ ዓመት ከ400 በላይ ሕፃናት አካል ጉዳተኛ ሆኑ፤ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 300 ገደማ። አገሮቹን መልሳችሁ ቁጠሩ፤ የሙስሊሙ ልጅ ነው የሚያነክሰው። «የሙስሊሙን ዘር ለማትረፍ» በተባለው እገዳ ሽባ የሆነው አብዛኛው የሙስሊም ልጅ ነው። ያንን ወሬ ከነዙት ውስጥ ሰነዓ ሄዶ አንዲት የመናዊት እናትን አፉ በይኝ ያለ እስካሁን አልሰማንም።

የካኖ እገዳ እንዴት እንደተፈታ ደግሞ ስሙ። ግዛቲቱ ከሙስሊም አገር የመጣ ክትባት ከሆነ እንቀበላለን አለች። ከኢንዶኔዥያ፣ ባንዱንግ ከተማ ካለው ባዮ ፋርማ ከተባለው የመንግሥት ፋብሪካ መጣላት፤ በ2004 ክትባቱ ቀጠለ። ናይጄሪያ ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኗ በ2020 ተረጋገጠ። ይህችን ባንዱንግ የምትባል ከተማ ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

እነዚህ ወንድሞች አንድ የሚያነሱት እውነት አለ፣ እሱን አንሸሽም። በአፍ የሚንጠባጠበው የፖሊዮ ክትባት ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ፣ ብዙ ልጅ ባልተከተበበት ሰፈር ለረጅም ጊዜ ከልጅ ወደ ልጅ ከዞረ ጉልበቱ ሊመለስለት ይችላል። ይህ የሚታወቅ ነገር ነው። ልብ ማለት ያለብን ግን ይህ የሚሆነው ያልተከተበ ልጅ በበዛበት ቦታ መሆኑን ነው። ሰፈሩ ሁሉ ከተከተበ መዞሪያ ያጣል። ሳይንቲስቶቹም ችግሩን አልደበቁትም። ቫይረሱ በቀላሉ ጉልበቱ እንዳይመለስ አድርገው አዲስ ዓይነት ሠሩ፣ በ2020 መጨረሻም ለአስቸኳይ ጊዜ ተፈቀደ። የተመረተውም የት መሰላችሁ? ባንዱንግ።

አሁን ወደ ገጠር እንውጣ። አያቶቻችን «ክፉ ቀን» የሚሉትን ዘመን ታስታውሱ ይሆናል፤ ከ1888 እስከ 1892 ያለውን ማለታችን ነው። የከብት ደስታ የሚባለው በሽታ ገብቶ ከመቶው 90 የሚሆነውን ከብት ጨረሰ፤ በሬ ጠፋ፣ ማረሻ ቆመ፣ ሰው በረሃብ አለቀ። ያ በሽታ ቫይረስ ነው፤ የኩፍኝ የቅርብ ዘመድ ነው። ዛሬ የት አለ? የለም! በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ያጠፋው ክትባት ነው። በአገራችን የመጨረሻዎቹ የበሽታው ምሽጎች ከነበሩት አንዱ አፋር ነበር፤ በ1990ዎቹ ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተሠርቶ ሲመጣ፣ በረሃ ለበረሃ ተጉዘው ከብቱን የከተቡት ከዚያው ከአፋር አርብቶ አደሮች መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ሙስሊም ወንድሞቻችን! በ1995 አፋር ላይ ከታየ ወዲህ በኢትዮጵያ አልታየም። አርብቶ አደሩ ላሟን «ትመክናለች» ብሎ ዋሻ ውስጥ አልደበቃትም። ለላሟ ያደረግነውን ለፋጡማ ስንባል ግን እንጠራጠራለን። ላም ከልጅ የበለጠችበት ዘመን ላይ ደረስን ማለት ነው?

ሌላም አለ። ሐጅ ለመሄድ የማጅራት ገትር ክትባት ግዴታ ነው። ሳዑዲ ያለ እሱ አታስገባም። ለቪዛ ሲሆን እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን የሚዘረጋ ሰው፣ ከሐጅ ተመልሶ «ክትባት የካፊር ተንኮል ነው» ቢል ምን ይባላል? ጭራሽ የሚገርመን ደግሞ በልጁ አንገት ላይ ክታብ አንጠልጥሎ ክትባት የሚፈራው ነው። ክታብና ክትባት በፊደል ይቀራረባሉ፤ በሥራ ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። የወሬው መሠረት «ፈረንጆቹ ክትባት ሊያመጡብን ይጣደፋሉ» የሚል ነው። እስኪ ይህን በዓመት እንለካው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1981 ነው። ሰዉ «የወፍ በሽታ» እያለ በየጠበሉና በየባህል መድኃኒት ቤቱ የሚንከራተትበት ጉበት ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ቫይረስ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ከዓመታት በኋላ የጉበት ካንሰር ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ሕፃናት በመደበኛነት መከተብ የጀመሩት በ2007 ነው። ሃያ ስድስት ዓመት! የማሕፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በ2006 ተፈቀደ፣ እኛ ጋ በ2018 ደረሰ። አሥራ ሁለት ዓመት። የሚጣደፍ ጠላት እንዲህ ያዘግማል?

የኢቦላው ደግሞ ይብሳል። ካናዳ ዊኒፔግ ከተማ ያለ ቤተ ሙከራ የሠራው ክትባት ዝንጀሮዎችን ከኢቦላ ሙሉ በሙሉ እንደሚያድን በ2005 ታትሞ ወጣ። ከዚያ ምን ተደረገ? መሳቢያ ውስጥ ገባ። የሚገዛው ሀብታም አልነበረማ! በ2014 ምዕራብ አፍሪካ ላይ ከ11 ሺህ በላይ ሰው የገደለው ወረርሽኝ እስኪፈነዳ ድረስ በሰው ላይ በቅጡ አልተሞከረም። በ2015 ሙከራው የተደረገው ጊኒ ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነች አገር። በሽተኛውን የነኩትን ሰዎችና የእነሱን ጎረቤቶች ክብ ሠርተው ከተቧቸው። ወዲያው ከተከተቡት ውስጥ ከአሥር ቀን በኋላ በኢቦላ የታመመ አንድም አልተገኘም። ያንን ክትባት ለዓለም ያረጋገጡለት የጊኒ ሙስሊሞች ናቸው፤ ክንዳቸውን ሰጥተው። እኛ ስማቸውን አናውቅም፣ የአሉባልተኛውን ድምጽ ግን በቃል ሸምድደናል።

ክትባት ሰውነታችን ጠላቱን ቀድሞ እንዲያውቅ ማስተማር ነው። ሌላም መንገድ አለ፤ የተማረውን የሌላ ሰው ወታደር መዋስ። በ1995 ኮንጎ፣ ኪክዊት ከተማ ላይ ኢቦላ ሲገባ ዶክተር ዣን ዣክ ሙዬምቤ ከበሽታው የተረፉ ሰዎችን ደም ለስምንት በሽተኞች ሰጡ፤ ሰባቱ ተረፉ። ስምንት ሰው ትንሽ ነው፣ ማስረጃ አይሆንም ተባለ። ከዓመታት በኋላ ከአንድ የኪክዊት ተራፊ ደም ውስጥ ቫይረሱን የሚይዘው አንቲቦዲ ተለይቶ ወጣ፣ በቤተ ሙከራም ተባዛ። በ2018 እና 2019 ኮንጎ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተወዳድሮ ተሞከረ። ከቀድሞው መድኃኒት ጋር ግማሹ በሽተኛ ሲሞት፣ በዚህኛው ሟቹ ከመቶ ወደ 35 ወረደ። ሕመሙ ሳይበረታ ቶሎ የመጡት ዘንድ ደግሞ ከመቶ 10 ገደማ ብቻ ነበር። ሱብሓነላህ! ደሙ የአፍሪካዊ፣ ሐሳቡ የአፍሪካዊ ሐኪም፣ ታማሚው አፍሪካዊ። የማምረት ፈቃዱ ግን አሜሪካ ውስጥ ላለ ኩባንያ ነው የተሰጠው። የሚያስቆጣን ነገር ከፈለግን ይኸው!

ወደ ሰፈራችንም ብትመጡ እንዲሁ ነው። የእብድ ውሻ የነከሰው ልጅ ክትባት ብቻ አይበቃውም፤ ቁስሉ ከባድ ከሆነ የተዘጋጀ አንቲቦዲ ቁስሉ ውስጥ መወጋት አለበት። አብዛኛው ጤና ጣቢያ ውስጥ አይገኝም። ለዚህ ነበር ድምጽ መቅዳት የሚገባው። «ለምን አይገባልንም?» ብሎ።

አሁን ያን የሴት ልጆች ክትባት በግልጽ እንነጋገርበት። ሐያእ እውቀትን አይከለክልም። የማሕፀን በር ካንሰር የሚመጣው በአብዛኛው ኤች.ፒ.ቪ. በሚባል ቫይረስ ነው፤ ይህን ያረጋገጡት ጀርመናዊ ሐኪም ሐራልድ ዙር ሐውዘን በ2008 ኖቤል ተሸልመውበታል። በክትባቱ ውስጥ በሕይወት ያለ ቫይረስ የለም። የሞተም የለም። ያለው የቫይረሱ የውጭ ቅርፊት ብቻ ነው፤ ውስጡ ባዶ። ሰውነት ቅርፊቱን አይቶ ይማራል። ባዶ ቅርፊት ማሕፀን ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል? በ2006 እና በ2007 የተከተቡት ልጃገረዶች ዛሬ የልጆች እናት ናቸው።

«የእኛ ልጆች ጨዋ ናቸው፤ ይህ ለዝሙተኛ ነው» የሚሉም አሉ። ማሻአላህ፣ አላህ ጨዋነታቸውን ይጠብቅላቸው። ግን ጨዋዋ ልጅ አታገባም እንዴ? የምታገባው ሰው ከእሷ በፊት ምን እንደነበረ ማን ያውቃል? ሌላ ሚስት የነበረችው ሊሆን ይችላል፣ ሚስቱ የሞተችበት ሊሆን ይችላል፣ በወጣትነቱ ያጠፋና ተውባ ያደረገ ሊሆን ይችላል። ተውባው ወንጀሉን ያጥባል፤ ቫይረሱን አያጥብም። ወንዱ ላይ ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ስለማያሳይ እሱም አያውቅም። ከሃያ ዓመት በኋላ ደም እየፈሰሳት የምትሞተው ዕድሜዋን ሙሉ ከባሏ ሌላ ወንድ የማታውቅ እናት ናት። እንዲህ ዓይነት ጀናዛ ላይ ሰግደናል። «ጨዋ ስለሆነች አያስፈልጋትም» የሚለው ሰው ጨዋዋን ያለ ጋሻ እየተዋት ነው። ማሌዥያ ከ2010 ጀምሮ በትምህርት ቤት ሴት ልጆቿን ትከትባለች። ማሌዥያዎች ስለ ሐያእ ከእኛ ያነሰ ያውቃሉ ብሎ የሚከራከር ካለ ይምጣ።

የአሳማው ጥያቄ ግን ከወሬው የተሻለ ነው፤ ጠያቂው ስለ ዲኑ ተጨንቋል። አዎ፣ አንዳንድ ክትባቶች ውስጥ ከአሳማ የተሠራ ጀላቲን ይገባል፤ ሁሉም ውስጥ ግን አይደለም። ዑለሞች በዚህ ላይ ሁለት መንገድ ሄደዋል። አንደኛው ኢስቲሓላ ነው፤ ነጃሳው ነገር ባሕርይው ፈጽሞ ተለውጦ ሌላ ነገር ከሆነ ፍርዱም ይለወጣል የሚለው፤ ወይን ኮምጣጤ ሲሆን እንደሚፈቀደው ማለት ነው። ሁለተኛው ደሩራ ነው። የኢንዶኔዥያ ዑለሞች ምክር ቤት በ2018 በኩፍኝና ሩቤላ ክትባት ላይ ያወጣው ፈትዋ ጥሩ ምሳሌ ነው። የአሳማ ነገር ስላለበት በመሠረቱ ሐራም ነው አሉ፤ ምትክ ስለሌለና ጉዳቱ ከባድ ስለሆነ ግን ተፈቅዷል አሉ። ምን ሆነ? በአንዳንድ አካባቢዎች፣ በተለይም አቼ ላይ፣ ሕዝቡ የፈትዋውን የመጀመሪያ ግማሽ ሰምቶ ሄደ። ከተከታዩ ግማሽ ጋር የሚጠብቅ ጠፋ። ፊቅህን በግማሽ መስማት ምን እንደሚያደርግ እዩ። ስለ ፖሊዮ ደግሞ አል አዝሀርና ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ ያሉበት የኢስላማዊ አማካሪ ቡድን ተቋቁሞ ክትባቱን ሲደግፍ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከአል አዝሀር ይልቅ ቲክቶክን የሚያምን ወጣት ምን እንደምንለው አናውቅም።

ከሁሉም የሚያንገበግበን ግን ይሄ ነው። ኢማሙ ገዛሊ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ኢሕያእ ውስጥ በዘመናቸው ተማሪ ላይ የሰነዘሩት ወቀሳ አለ። ሕክምና ፈርድ ኪፋያ ሆኖ ሳለ ከተማው ሙስሊም ሐኪም እያጣ፣ ተማሪው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ይጎርፋል፤ ሹመትና ክብር እዚያ ስላለ ነው ይላሉ። ይህ የተጻፈው ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ነው! እኛ መድረሳ የተማርነውም ይህን እያነበብን አልፈነዋል። ፈርድ ኪፋያ ማለት የሚሠራው ከጠፋ ሁላችንም ወንጀለኛ ነን ማለት ነው። አፍሪካ ከምትጠቀምበት ክትባት ውስጥ ራሷ የምታመርተው ከመቶ አንድ ገደማ ነው። በኮሮና ጊዜ ሀብታሞቹ ሦስተኛ ዶዝ ሲወስዱ እኛ የመጀመሪያውን ተሰልፈን የጠበቅነው ለዚህ ነው። ያልሠራ ሰው ተራ ይጠብቃል።

እኛ ግን ፎቶ ፖስት ማድረግ እንወዳለን። «ኩፍኝንና ፈንጣጣን ለይቶ የጻፈው አቡበክር አር-ራዚ የእኛ ነው!» እውነት ነው። «ፈንጣጣን መከተብ ኢንግሊዞች ያዩት ከኦቶማን ቱርኮች ነው!» እሱም እውነት ነው፤ ሌዲ ሜሪ ሞንታጉ የተባለችው የአምባሳደር ሚስት በ1718 ልጇን እዚያው ኢስታንቡል አስከትባለች። «የኮሮናን ክትባት የሠሩት ኡጉር ሻሂንና ኦዝሌም ቱሬጂ ከቱርክ ቤተሰብ ናቸው!» ናቸው። ግን የሠሩት ጀርመን ውስጥ ነው። በባዮሎጂ ትምህርቱ የሚተኛ ልጅ የእነሱን ፎቶ ሼር ስላደረገ ምን ድርሻ አለው?

ሕያዋን ምሳሌዎች አሉን። ባንዱንግ አለች። ዳካር አለች፤ ሴኔጋል ውስጥ ያለው የፓስተር ተቋም የቢጫ ወባ ክትባት ሲያመርት አሥርት ዓመታት አስቆጥሯል። ቢሾፍቱ አለች! እዚህ አፍንጫችን ሥር ያለው የእንስሳት ጤና ተቋም የከብት ክትባት ያመርታል፤ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ጥራት መመርመሪያ ማዕከልም እዚያው ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል መንገድ። ስንቶቻችን ሄደን «እዚህ ለመሥራት ምን መማር አለብኝ?» ብለን ጠይቀናል? ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ማይክሮባዮሎጂ ሲደርሳችሁ «ሜዲሲን አልደረሰኝም» ብላችሁ አታልቅሱ። ቫይረስን በስሙ የሚያውቅ ሙስሊም እንፈልጋለን። የሰበካ ማይክሮፎን የሚይዝ ሞልቶናል፤ ይህን የምንለው ራሳችን ማይክሮፎን ይዘን ነው።

አንድ ሰው እንንገራችሁና እንሂድ። ዓሊ ማው ማዓሊን ይባላል፤ በሶማሊያ መርካ ከተማ የሆስፒታል ወጥ ሠሪ ነበር። ሆስፒታል እየሠራ እንኳ መርፌ ያማል ብሎ ክትባት ሸሸ። በ1977 ሁለት የፈንጣጣ በሽተኞችን መንገድ ሲያሳይ ተያዘ፤ በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እሱ ሆነ። ዳነ፣ አልሐምዱሊላህ። ከዓመታት በኋላ ፖሊዮ ለማጥፋት በጎ ፈቃደኛ ሆኖ በየመንደሩ እየዞረ፣ ልጄን አላስከትብም ላለው ወላጅ የራሱን ታሪክ ይነግር ነበር። በ2013 ፖሊዮ ሶማሊያ ላይ ተመልሶ ሲመጣ ዘመቻው ላይ ሳለ በወባ ታሞ ሞተ፤ አላህ ይማረው።

በሚቀጥለው ዘመቻ ሰሞን ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጂዱ ግቢ እንቀመጣለን፤ ነርስ እንጋብዛለን፣ ሴቶችም ለብቻቸው የሚጠይቁበት ቦታ ይኖራል። ያንን የድምጽ መልእክት ያላችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ሁላችንም ፊት እናስከፍተውና ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እንጠይቀዋለን። የቀዳው ወንድማችንም ቢመጣ ደስ ይለናል፤ ሻይ አለ።

ወሏሁ አዕለም።